መስታወት ያጣው በርጩማ

ዶክተር ሜዲ ማደንዘዣውን ድዴ ላይ ወጋኝና «እስኪይዝሽ ድረስ ፎቶውን እያየሽ ቆዪ፣ እህቴ» ብሎ እጁን ሊታጠብ ዞረ። ቀና ስል ፉልመላን አየኋት። ግማሽ ግድግዳ በያዘ ጥቁር ክፈፍ ውስጥ ጆሮዎቿን ዘርግታ፣ ኩምቢዋን ወደፊት ወርውራ፣ ልትጨፈልቀኝ ትመጣለች። ከኋላዋ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሣሩ በነፋስ ተኝቷል፤ ዓይኗ ውስጥ አንዲት ነጭ የብርሃን ነጥብ አለች። ከሥሩ በወርቃማ ፊደል «ቁጣ፤ የዱር ዝሆን በማዕበል ውስጥ። ፎቶ፦ ቶሩን ዱዎራ» ይላል።

«ሰውዬው እኮ ኩምቢዋ ሊደርስበት አንድ እርምጃ ሲቀረው ነው ያነሳት!» አለ ዶክተሩ እጁን እያደራረቀ። «በዚያ ማዕበል! እኔ ብሆን ሱሪዬ ላይ ነበር የምለቀው።»

አፌን በእጄ ከደንኩ። ዶክተሩ የመድኃኒቱ ምሬት መስሎት መትፊያውን አስጠጋልኝ፤ ተፋሁበት። ያችን ፎቶ በቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በባንክ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ሳይቀር አይቻታለሁ፤ ባየኋት ቁጥር መትፊያ ያስፈልገኛል። የዱር ዝሆን! ፉልመላ የጎረቤት ዳክዬዎች ሲንጫጩባት አባቴ ጀርባ ልትደበቅ የምትሞክር ዝሆን ነበረች።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከብራህማፑትራ ወንዝ በስተደቡብ፣ ጫካው አልቆ የሩዝ ማሳው በሚጀምርበት ዳርቻ ላይ ነው። አባቴ ቦጌን ዝሆን ነጂ ነበር። ፉልመላን ከአባቱ ወርሶ ዕድሜውን ሙሉ ከጫካ ግንድ ሲያስጎትታት ኖሯል። ግንድ መቁረጥ ከተከለከለ ወዲህ ግን ሁለቱም ሥራ ፈቱ። እሷ ሣሯን ትበላለች፤ እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ታሙሉን፣ ያን አፍ የሚያቀላ የዛፍ ፍሬ፣ እያኘከ ቀዩን ምራቅ ግቢው ውስጥ ይተፋል። በዚያው ዓመት ፉልመላ ወለደችና ግልገሏን ሞይና አልናት። ሞይና ኩምቢዋ ለምን እንደተሰጣት ገና ያልገባት፣ አንዳንዴ ራሷ ረግጣው ራሷ የምትጮህ፣ ጭንቅላቷ በቀይ ጠጉር የተሸፈነ ፍጥረት ነበረች።

እናቴም ነፍሰ ጡር ስለነበረች ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት ተሻገረች። ጀልባው ላይ ሆና «ጁሪ፣ እስክመለስ ሞይናን አደራ!» አለችኝ። ከዚያ በፊት አደራ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞይና ስትበላም ስትተኛም ከጎኗ አልጠፋም ነበር።

ወሩ ቾት ነበር፤ የቢሁ በዓል ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በእኛ አገር በዚያ ሰሞን የሚነሳው ማዕበል ሴት ነው፤ ቦርዶይሺላ ትባላለች። ሩቅ አገር የተዳረች ልጅ ናት፤ ለበዓሉ ወደ እናቷ ቤት ስትገሰግስ ጸጉሯ ተፈትቶ፣ ልብሷ ዛፍ እየጠረገ ታልፋለች። ስለዚህ ነፋሱ ሲጀምር ግቢው መሃል በርጩማ ይወጣላታል፤ በላዩ ማበጠሪያና መስታወት ይቀመጥላታል። አረፍ ብላ ጸጉሯን አበጥራ ከሄደች ጣሪያ አትነቅልም። በእኛ ቤት በርጩማውን የምታወጣው ፔሂ ነበረች። ፔሂ የምንለው የአባትን እህት ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከእኛው ጋር ትኖር ነበር።

«መስታወቱን ብታጣውስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺ ጸጉርሽ ተንጨባሮ እናትሽ ቤት ትገቢያለሽ?»

«አልገባም።»

«እሷም አትገባም። ትናደዳለች። ከተናደደች ደግሞ ያገኘችውን አፍሳ ነው የምትሄደው፤ አንቺንም ጭምር።»

ፔሂ ይህን ስትል ትስቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ፎቶ አንሺው ዱዎራ ከጉዋሃቲ ከተማ በጂፕ መጣ። ኪሱ የማያልቅ ሰደርያ ለብሷል፤ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ይደርሳል። በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ሲያወራ አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማው። ነብር በጣም ቀርቦት በትንፋሹ ሌንሱን አደብዝዞበታል። ከጎኑ የቆመ ዛፍ በመብረቅ ሲሰነጠቅ እሱ ፎቶ ማንሳቱን አላቋረጠም። ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳይቶኝ «አውራሪስ ነው» አለኝ፤ በጣቴ እንድነካውም ፈቀደልኝ። ለብዙ ዓመት ያችን ጣቴን ሳያት ኩራት ይሰማኝ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ግን የጂፑ ሾፌር ያኔውኑ ለፔሂ ነግሯት ነበር፤ የጂፑ በር ነው የቆረጠው።

ፔሂ የክብር እንግዳ ነው ብላ እናቴ ለቢሁ የሸመነችውን ጋሞሳ፣ ያን ነጭ ፎጣ ከነቀይ ጥለቱ፣ አንገቱ ላይ አደረገችለት። አመስግኖ አወለቀውና የቦት ጫማውን ጭቃ ጠረገበት። የከተማ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ማለት ነው ብዬ ተደነቅኩ። ፔሂ ፊቷን አዙራ ወደ ማድቤት ገባች።

በማግስቱ እሱና አባቴ ሻይ እየጠጡ ሲያወሩ እኔ ከበረንዳው ሥር ሞይናን ሙዝ እያበላኋት ነበር።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ጫካ ውስጥ ከረምኩ» አለ ዱዎራ። «ዝሆን ሳገኝ ሰማዩ ጠራራ፤ ሰማዩ ሲጠቁርልኝ ደግሞ ዝሆን የለ!»

«የዱር ዝሆን ነፋስ ከሸተተው ጫካው ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ጌታው። ምን፣ እንደ እርስዎና እንደ እኔ ሞኝ መሰለዎት?»

«ያንተዋስ?»

አባቴ ሳቀ። «ፉልመላ? እሷ ዳክዬ ነው የምትፈራው!»

«ልጇን ትንሽ ዞር ብናደርግባትስ?»

አባቴ ወደ በረንዳው ጫፍ ጠጋ አለ። ቀዩን ምራቅ ሲተፋ ከእግሬ አጠገብ ወደቀ።

«እሱንማ ካደረጉ እርስዎን ይተዉት፣ እኔንም አታውቀኝም» አለ በመጨረሻ።

«አየህ!» ዱዎራ ጉልበቱን ሲመታ ሰማሁ። «እንዳንተ ዝሆን የሚያውቅ ሰው እኮ የለም፣ ቦጌን። እውነቴን ነው፤ ይህ ሥራ ያላንተ አይሆንም።»

አባቴን ሁለት ዓመት ሙሉ ያላንተ አይሆንም ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ። ዛሬ ይህ ይገባኛል። ቢገባኝም ያንገሸግሸኛል።

እኔ የሰማሁት ግን ሞይናን ሊወስዷት መሆኑን ብቻ ነበርና ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ። «ሞይናን የት ነው የምታደርጓት? እማ እኮ ለእኔ ነው አደራ ያለችው!»

አባቴ ሊቆጣኝ ሲል ዱዎራ ወደ እሱ ሳብ አደረገኝ። «ከማዕበሉ ልንደብቃት ነዋ! ደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ ነፋስ የማያገኛት ቦታ። ጎበዝ ልጅ ነሽ አይደል? ምስጢር ትጠብቂያለሽ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ለፔሂም አትነግሪ።»

አልነገርኩም። ከዚያ ወዲያ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ቀኑ ሲደርስ ፔሂ ለበዓሉ ቂጣ ሩዝ ልትወቅጥ ጎረቤት ሄደች። ከመሄዷ በፊት አየሩን አሸተተችና በርጩማውን ግቢው መሃል አወጣች፤ ማበጠሪያውንና መስታወቱን አስተካክላ አስቀመጠች። «እንዳትነኪ» አለችኝ። «ዛሬ ሳትመጣ አትቀርም።»

ከቤታችን ጀርባ ሜዳ አለ። ከሜዳው ወዲያ ከኮረብቶቹ የሚወርደው ወንዝ በዚያ ወቅት ደርቆ ጥልቅ ጉድጓድ ብቻ ነው የሚሆነው። ሜዳው ላይ አንድ ትልቅ የሺሙል ዛፍ አበባውን አራግፎ ሥሩን አቅልቶታል። አባቴ የፉልመላን የኋላ እግር ከዛፉ ጋር በሰንሰለት አሰረው። ከዚያ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ወደፊት መራትና የሙዝ ግንድ ከፊቷ ያዘላት። ኩምቢዋን የምትችለውን ያህል ዘርግታ ወሰደችው። የኩምቢዋ ጫፍ የደረሰበት ቦታ ላይ አባቴ ድንጋይ አስቀመጠ። ዱዎራ ከድንጋዩ ኋላ አንድ እርምጃ ቆጥሮ የካሜራውን ማቆሚያ ተከለ። ፉልመላ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ሙዟን ታላምጥ ነበር። እኔ ደግሞ ጨዋታ መስሎኝ ሌላ ሙዝ አመጣሁላት።

በዓለም የተወራለት ድፍረት እንግዲህ ይህ ነው። በሙዝ የተለካ አንድ እርምጃ።

ሰማዩ በኮረብቶቹ በኩል ጠቆረ። በምዕራብ ብቻ አንድ ስንጥቅ ክፍት ቀርቶ ፀሐይዋ በዚያ ሾልካ ሜዳውን ታበራለች። ዱዎራ በካሜራው አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ዓይኗ ሞቷል። ብርሃን ያስፈልገዋል። መስታወት የላችሁም?»

አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ወደ ግቢው ተመለከትኩ።

«የቦርዶይሺላ ነው» አልኩ።

«ቶሎ እንመልስላታለን» አለ ዱዎራ። «ለሞይና ስንል ነው እኮ!»

ሮጬ ሄድኩ። በርጩማው አጠገብ ስደርስ እጄ ትንሽ ተያዘብኝ። ፔሂ ያለችኝ ትዝ አለኝ፤ ሞይናም ትዝ አለችኝ። መስታወቱን አንስቼ ሮጥኩ። ዱዎራ የእናቴን ጋሞሳ ከኪሱ አውጥቶ መስታወቱን በቀርከሃ ጫፍ ላይ አሰረበትና ቀርከሃውን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ፀሐይዋ አዞረው። ክብ ብርሃን ሣሩ ላይ ተንከራተተች፤ በፉልመላ ደረት ወጣችና ዓይኗ ላይ ቆመች። ፉልመላ ዓይኗን አርገበገበች፤ ፊቷን ልታዞር ሞከረች። ዱዎራ ብርሃኑን አስከትሎ አዞረው።

«በይ ወደ ቤት!» አለኝ አባቴ። «በርጩማው ጋ ተቀመጪ። ንቅንቅ እንዳትዪ።»

የሞይናን ገመድ ይዞ ወደ ወንዙ ሲወርድ ጆሮዋ ሥር «አትፍሪ፣ ልትደበቂ ነው» አልኳት። ገመዱን ልትበላው ትሞክር ነበር።

ባዶው በርጩማ አጠገብ ተቀምጬ በታሙል ዛፎቹ መሃል አያለሁ። መጀመሪያ ሞይና ጮኸች። ዱዎራ «ትንሽ ጠንከር አድርጋት!» እያለ ይጣራል። ነፋሱ እንዳይወስዳት ጠበቅ አድርገህ እሰራት ማለቱ መሰለኝ። የግልገል ጆሮ ሲጠመዘዝ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚወጣት ያኔ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ፉልመላ ጮኸች። ያን ድምፅ ከእሷ ሰምቼው አላውቅም። ተንደርድራ መጣች፤ ሰንሰለቱ ያዛትና በጉልበቷ ወደቀች፤ ተነስታ እንደገና ተንደረደረች። ሣሩ ተኝቷል፤ ቀዩ አበባ በአየር ላይ ይበራል፤ ዱዎራ ከፊቷ አይነቃነቅም። ፉልመላ ቦርዶይሺላን ከቤታችን እያባረረችልን ነው ብዬ አሰብኩ። ዳክዬ የምትፈራዋ ፉልመላ! ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ።

በእነዚህ እጆቼ ነው ያጨበጨብኩት። ዛሬ ሥራዬ በእነሱው ልጆች ማስተማር ነው፤ ጠመኔ ይዤ ሳያቸው አንዳንዴ እጸየፋቸዋለሁ።

ኮረብቶቹ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ጥሏል። በደረቁ ወንዝ የሚወርደውን የደራሽ ውሃ ድምፅ ሰማሁት፤ የቦርዶይሺላ ኮቴ ነው ብዬ በርጩማውን በሁለት እጄ ያዝኩ። አባቴ ከወንዙ ውስጥ ብቅ አለ። እስከ ወገቡ ርሷል፤ እጁ ከወገቡ የማይለየው ገጀራ ላይ ነው። ገመዱን በአንድ ምት ይቆርጠው ነበር። ቀና ብሎ ወደ ዱዎራ ተመለከተ። ዱዎራ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

«አንድ ደቂቃ! ቦጌን፣ አንድ ደቂቃ ብቻ! ገና አሁን መምጣቷ ነው!»

ማዕበሏን በእጁ ሊያቆማት መስሎኝ ነበር። አንድ ደቂቃ ታገሺን፣ መስታወትሽን እንመልሳለን እያለ የሚለምንልኝ መሰለኝ። አባቴም ቆመ። ገጀራውን እንደያዘ ቆመ። ምን ያህል እንደቆመ ካደግኩ በኋላ ስንቴ በልቤ ቆጥሬዋለሁ፤ ሃያ ድረስ እቆጥራለሁ፤ አንዳንዴም ከሃያ አልፋለሁ። በመጨረሻ ዘሎ ወረደ። ያኔ ዝናቡ ነጭ ሆኖ ሜዳውን ጋረደው።

በርጩማው ከእጄ ተነጥቆ ግቢውን እየተንከባለለ አቋረጠ። ማበጠሪያው የት እንደበረረ አላየሁም። መስታወቱን ፈልጋ አጣችው ብዬ አሰብኩ። ያገኘችውን ይዛ ልትሄድ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ መስታወቱ ሣር ውስጥ ተሰባብሮ አገኘሁት። ሞይና በገመዷ ጫፍ፣ ከተናደው ዳርቻ ሥር ነበረች። ውሃው በላይዋ ያልፋል፤ ኩምቢዋ ብቻ ወደ ላይ ወጥቶ በጅረቱ ይወዛወዛል። ኩምቢዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ተጠቅማበት ነበር።

ፔሂ እየሮጠች መጣች። ወንዙን ከማየቷ በፊት ግቢው ውስጥ የተገለበጠውን በርጩማ አየች።

«መስታወቱን ማን ነው የወሰደው?»

ዱዎራ አቀርቅሮ ሌንሱን በጋሞሳው ይወለውላል። አባቴ ዱዎራን አየው፤ በርጩማውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ጁሪ ናት» አለ።

ውሸት አልነበረም።  ፔሂ አባቴን ረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ወደ ወንዙ ሄዳ ተመለሰችና ጭንቅላቴን ሆዷ ላይ አስጠጋችው። ይቅር ያለችኝ መሰለኝ።

ዱዎራ በማግስቱም አልሄደም ነበር። ፉልመላ ከወንዙ በወጣው የልጇ ሬሳ ላይ ቆማ አፈር ታለብሳታለች፤ ዝንቡ ሰፍሮባታል፤ ሽታው ጀምሯል። እሱ በጉልበቱ ተንበርክኳል። ከእኛ ጋር እያለቀሰ ነው ብዬ አጠገቡ ተንበረከኩ። ያንንም ፎቶ በኋላ በአንድ መጽሔት ላይ አግኝቼዋለሁ። «የእናት ሐዘን» ይላል። ጥግ ላይ የእኔ ጥላ አለ።

እናቴ ከቢሁ በኋላ ወንድሜን ታቅፋ ተመለሰች። ከጀልባው ሳትወርድ «ሞይናስ?» አለች።

«መስታወቱን ወሰድኩባትና ቦርዶይሺላ ይዛት ሄደች» አልኳት።

እናቴ ወደ አባቴ ተመለከተች። አባቴ ታሙሉን ያኝክ ነበር። «ልጅ ነሽ» አለችኝ በመጨረሻ፤ «አላወቅሽም።» ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቀን የእናቴን አዲስ መስታወት ሰርቄ ወደ ፉልመላ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር፤ በወሰድኩት መስታወት ልጇን ስላጣች በምትኩ ሌላ ልሰጣት። ስቀርባት ፀሐይዋ መስታወቱን መታችውና ብርሃኑ ፊቷ ላይ አረፈ። ፉልመላ ወደ ኋላዋ ሸሸች። ሰንሰለቱ እስኪያልቅ ሸሸችና ዓይኗን ጨፍና ሽንቷን ለቀቀችው። ይቅር አልልሽም ማለቷ ነው ብዬ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ያቺ ብርሃን ዓይኗ ላይ ስታርፍ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። በዚያው ዓመት ነፋስ በተነሳ ቁጥር ሰው አላስጠጋ ስትል አባቴ ወደ ላይኛው አገር ለሚኖር ሌላ ዝሆን ነጂ ሰጣት። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ቾት ሲገባ በርጩማው ላይ ሁለት መስታወት አስቀምጥ ነበር። ሃያ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ።

በሃያ ዓመቴ ጉዋሃቲ ኮሌጅ ሳለሁ የዱዎራ ፎቶዎች ለሕዝብ ቀረቡና ሄድኩ። «ቁጣ»ን እንደዚያ ገዝፎ አይቼው አላውቅም። ቀን መቁጠሪያው ላይ የሚቆረጠው የታችኛው ጥግ ሙሉውን ነበር። ጨለማው ሣር ውስጥ፣ ከኋላ እግሯ ተነስቶ ወደ ዛፉ የሚሄድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አለ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ እንደገና ሰማሁት። ጠንከር አድርጋት። አንድ ደቂቃ። ጁሪ ናት።

ዱዎራ ሸብቷል። ለተሰበሰበው ሰው ሕይወቱን አስይዞ እንዳነሳት ይተርካል። ጠጋ ብዬ «የቦጌን ልጅ ነኝ» አልኩት።

«ቦጌን! ምን ዓይነት ሰው ነበር እባክሽ! ደህና ነው?» ትከሻዬን አቀፈኝ። «የዚያች ግልገል ነገር ያሳዝናል፤ ዛሬም ያሳዝነኛል። ግን እስቲ ተመልከቻት! ያች ዓይን! ሻይ ስጧት እንጂ!»

ሻዩን ጠጣሁት። ልደፋበት እችል ነበር፤ ግን ጨርሼ ጠጣሁትና ኩባያውን አመስግኜ መለስኩ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ የቀረው ያ ሻይ ነው።

በሳምንቱ አገር ቤት ገባሁ። አባቴ ዱዎራ የፈረመበትን ያንኑ ፎቶ ከአልጋው በላይ ሰቅሎታል።

«ለምን ጁሪ ናት አልክ?»

«አንቺ አልወሰድሽውም?» አለ። ዓይኑን ወደ ደጅ መለሰ። «ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብዬ ነው።» ፎቶውን በአገጩ ጠቆመኝ። «አገር ሙሉ ያደንቀዋል። ሰንሰለቱን ማን እንዳሰረው ግን የሚጠይቅ የለም።»

ያዘነው በዚህ ነበር።

ማድቤት ፔሂ ጋ ገባሁ። አርጅታለች፤ እጇ ግን ዛሬም ሥራ አይፈታም። ሳልጠይቃት ጀመረች። «ገመዱን ከሞይና አንገት ላይ የፈታሁት እኔ ነኝ። ቋጠሮው የቦጌን ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እሳት ውስጥ ከተትኩት።»

«ታዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት መስታወት ሳወጣ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?»

«እናትሽ አራስ ነበረች። ብትሰማ ጥላው ትሄድ ነበር። ቤቱ ይፍረስ?»

ቤቱ አልፈረሰም። በእኔ ላይ ቆሞ ሰነበተ።

«ተነቀለ!» አለ ዶክተር ሜዲ። ጥርሴን በብረት ሳህን ላይ ጣል አደረገና አንዲት ትንሽ የእጅ መስታወት ሰጠኝ። «እስቲ ክፍተቱን እይው፤ ንጹሕ ነው።»

ፎቶውን በጣቴ አመለከትኩትና ስሟን ልነግረው ሞከርኩ። «ፉል…» ብዬ ቀረሁ። ከንፈሬ የእኔ አልነበረም። ደም የተቀላቀለበት ልጋግ አገጬ ላይ ወረደ።

«ተይ ተይ፣ አትናገሪ። መድኃኒቱ ሲለቅሽ ትነግሪኛለሽ።» ጥጥ አቀበለኝና ወደ ፎቶው ዞረ። «ማረከችሽ አይደል? የገባ ሁሉ ነው የሚያደንቃት።»

በመስኮቱ ደጁን አየሁ። ቾት ነው፤ ከተማው ላይ ደመና ተጭኗል፤ በምዕራብ በኩል ብቻ ፀሐይዋ ሾልካ ክፍሉን ታበራለች። መስታወቱን ወደ እሷ አዞርኩት። ክብ ብርሃን ግድግዳው ላይ ተንከራተተች፤ በፉልመላ ደረት ወጣች። ዓይኗ ጋ ልትደርስ ስትል እጄን መለስኩት፤ ያች ዓይን ይበቃታል። ወደ ታች፣ ክፈፉ ወዳጠላበት ጨለማ ጥግ አወረድኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ዶክተሩ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። መነጽሩን ገፋ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ይሄ ምንድን ነው? ይሄ… ሰንሰለት ነው እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅኩለት። በጣቱ መስመሩን ከእግሯ ጀምሮ ይከተለው ጀመር። አገጬን ሳልጠርግ፣ ዛፉ ጋ እስኪደርስ ድረስ መስታወቱን ይዤ ቆየሁለት።